አሌ የማይባል ግስ፦ የፈረንሳይኛውን «መሄድ» በላቲን አያቶቹ በኩል እንዴት እንልመደው

ፈረንሳይኛ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ነው የሚያሳልፈው። «ቦንዡር» ይላል፣ «ሳ ቫ» ይላል፣ ሰው ይመልስለታል፣ ደስ ይላል። ከዚያ «አሌ» የሚባለው ግስ ይመጣል። ትርጉሙ መሄድ ነው። ከዚህ የቀለለ ምን አለ ብላችሁ «እሄዳለሁ» ለማለት «ዣል» ትላላችሁ። አይደለም፣ «ዠ ቬ» ነው። እሺ፣ «እንሄዳለን»ስ? «ኑ ቮን» ትላላችሁ። አይደለም፣ «ኑ ዛሎን» ነው። «ነገ እሄዳለሁ»ስ? «ዢሬ»። እኔ እዚህ ጋ ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። አንድ ግስ ነው ወይስ ሦስት ሰው ተሰብስቦ እያሾፈብኝ ነው?

ቆይቶ ሲገባኝ ለካ ሦስት ናቸው። አሌ ፈረንሳይኛን ከወለደው ከጥንቱ የሮማውያን ቋንቋ፣ ከላቲን፣ ሦስት የተለያዩ ግሶች ተለቃቅሞ የተሠራ ግስ ነው። አንዱ ቀጥተኛ ወራሽ አይደለም፣ ሦስት አያቶች አሉት። ይህን ያወቅሁ ቀን ሰንጠረዡን መሸምደድ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው «ይሄ ቃል የማን ልጅ ነው?» ብቻ ነው። ዘዴው ይሄው፣ እንደ እኔ ሽምደዳ ለማይሆንለት ሰው።

ፈረንሳይኛውንም ላቲኑንም በእኛ ፊደል የጻፍኩት አነባበቡን ተከትዬ ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚቀረውን ድምፅ በ«ን» ነው ያሳየሁት፣ እሱን እናንተ በአፍንጫችሁ አስተካክሉት።

ከመጀመራችን በፊት ግን «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» እንዳትሉ የራሳችንን እንይ። «መጣ»ን አርቡት እስቲ። መጣሁ፣ ይመጣል፣ እንዲመጣ። ትእዛዙስ? «ምጣ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ና» ነው። ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»። ለትልቅ ሰው ግን «ይምጡ» እንላለን። ስንከለክልም ወደ መጣ እንመለሳለን፤ «አትና» አይባልም፣ «አትምጣ» ነው። በግዕዝም እንዲሁ ነው። መጣ «መጽአ» ይባላል፣ ትእዛዙ ግን «ነዓ» ነው፤ ለሴት «ንዒ»፣ ማሕሌት የቆመ ሰው ያውቃታል። ስለዚህ «መጣ» እና «ና» ሁለት የተለያዩ ሥሮች ሆነው አንድ ቤት ይኖራሉ። እኛ ማንም ሳያስተምረን ስለምንናገረው አይታየንም። አማርኛ የሚማር ፈረንሳዊ ግን እዚያ ጋ ደብተሩን ይዘጋል፣ ተበቃቅለናል ማለት ነው።

ወደ አሌ እንመለስ። ወረቀት አውጡና ሦስት ቦታ ከፍሉት። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ አያት ስም ጻፉ፦ ኢሬ፣ ቫዴሬ፣ አምቡላሬ።

ኢሬ የቤቱ የመጀመሪያ ባለቤት ነው። በጥንቱ ላቲን መሄድ ማለት ኢሬ ነበር። ችግሩ ቃሉ በጣም አጭር ነው። «ትሄዳለህ» ለማለት «ኢስ»፣ «ይሄዳል» ለማለት «ኢት»፣ «ሂድ» ለማለት ደግሞ «ኢ» ብቻ! አንድ ድምፅ። በገበያ መሀል፣ በጦር ሜዳ፣ ልጅ እየጮኸ «ኢ» ብትሉት ማን ይሰማችኋል? ከዚያ ላይ ሕዝቡ የቃል መጨረሻዎችን እየዋጠ መናገር ሲጀምር ኢሬ ጭራሽ ሟሟ። ቃል ሲያጥር ሲያጥር ሰው ደልደል ያለ ምትክ ይፈልግለታል።

ምትኩ አንዱ ቫዴሬ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ መሄድ አልነበረም፣ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ገስገስ ማለት ነበር። «ኮ ቫዲስ» የሚለውን አባባል የሰማ ሰው ቫዴሬን አግኝቶታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ጴጥሮስ ጌታን «ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ የጠየቀው ነው፣ በላቲኑ። ያ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ የተሠራው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ጄሮም በሚባለው አባት እጅ ነው። እሱም «ሂድ» ለማለት «ኢ»ን ሳይሆን «ቫዴ»ን ነው የሚጽፈው። «ሂድ አንተ ሰይጣን» በላቲን «ቫዴ ሳታና» ነው። ሰይጣንን በአንድ «ኢ» ማባረር የማይመች ሆኖ ይሆናል፣ ይሄ የእኔ ግምት ነው።

ሦስተኛው አምቡላሬ፣ በእግር መሄድ፣ መንሸራሸር ነው። አሌ የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ ለሚለው ብዙዎቹ ምሁራን ጣታቸውን ወደ እሱ ነው የሚቀስሩት። እዚህ ላይ ግን ጭቅጭቅ አለ። «አምቡላሬ» በተለመደው የድምፅ ለውጥ ሕግ ቢወርድ ኖሮ «አሌ» አይሆንም ነበር፣ በጣም ተቆርጧል። መልሱ ምናልባት ሰው ሁሉ በየደቂቃው የሚጠራው ቃል ከሌላው ይልቅ ይሸራረፋል የሚል ነው፤ «እንዴት አደርክ» በችኮላ ሲባል ምን እንደሚመስል አስቡት። አምቡላሬን ለማስታወስ አንድ ቃል ይበቃችኋል፣ እሱም አምቡላንስ ነው። መጀመሪያ ጦሩን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሆስፒታል ነበር፣ የሚራመድ ሆስፒታል። ኢሬን ለማስታወስ ደግሞ ትራንዚት አለላችሁ። ትራንስ ማለት ባሻገር ነው፣ ኢሬ ሲጨመርበት ማለፍ፣ መሻገር ይሆናል። ጂቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር ሳያውቀው የላቲን ግስ በመታወቂያው ላይ ይዞ ይዞራል።

አሁን ማከፋፈል ነው። ለቫዴሬ የደረሱት አምስት ቃላት ብቻ ናቸው፦ «ዠ ቬ» (እሄዳለሁ)፣ «ቱ ቫ» (ትሄዳለህ)፣ «ኢል ቫ» (ይሄዳል)፣ «ኢል ቮን» (ይሄዳሉ)፣ እና ለአንድ ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ «ቫ»። አምስት። በቃ። ኢሬ የወረሰው የወደፊቱን ጊዜ እና «በሄድኩ ነበር» የሚለውን ዓይነት ሁኔታ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው በሙሉ የአሌ ነው። «ኑ ዛሎን»፣ «ቩ ዛሌ»፣ ያለፈው «ዠ ስዊ ዛሌ»፣ «እሄድ ነበር» የሚለው «ዣሌ»፣ ሌላው ቀርቶ ዘንድ አንቀጹ «ክ ዣይ» (እንድሄድ) ሳይቀር የአሌ ነው። ስለዚህ አዲስ ቅርጽ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ «የወደፊት ወይም የበሄድኩ ነበር ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሆነ በ«ኢር» ይጀምራል። ካልሆነ «ከአምስቱ አንዱ ነው?» በሉ። ካልሆነ አሌ ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ፣ እመኑኝ ከሰንጠረዡ ይሻላል።

ግን ቫዴሬ ለምን «እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እነሱ» ላይ ብቻ ተቀምጦ «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ለአሌ ለቀቀ? ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ለሌሎች ሃያና ሠላሳ ግሶች ያገለግላችኋል። በድሮው ፈረንሳይኛ በአራቱ ላይ የድምፁ ክብደት የሚያርፈው ግንዱ ላይ ነው። በ«እኛ» እና በ«እናንተ» ላይ ግን ክብደቱ ወደ መጨረሻው ይሸሻል። ክብደት ያረፈበት አናባቢ ይለወጣል፣ ያላረፈበት እንዳለ ይቀራል። ለዚህ ነው «ዠ ቭያን» (እመጣለሁ) ብለን «ኑ ቨኖን» የምንለው፣ «ዠ ዷ» (አለብኝ) ብለን «ኑ ደቮን»፣ «ዠ ፐ» (እችላለሁ) ብለን «ኑ ፑቮን» የምንለው። ማፍቀር ሳይቀር ድሮ እንዲህ ነበር፤ «ይወዳል» «ኤም» ሲሆን «እንወዳለን» ግን «አሞን» ነበር፣ በኋላ ሰዉ ሰለቸውና ሁሉንም አንድ አደረገው። አሌ ላይ አናባቢው ብቻ ሳይሆን ሙሉ ግሱ ተቀየረ እንጂ አሰላለፉ ያው ነው። ስለዚህ መጥፎ ግስ ሲገጥማችሁ ስድስቱንም አትሸምድዱ። «እኔ»ን እና «እኛ»ን ያዙ፣ «እነሱ»ን አንድ ጊዜ አረጋግጡ፣ ሌላው ይከተላል።

የወደፊቱ ጊዜ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፣ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ። ላቲን የራሱ የወደፊት ጊዜ ነበረው፣ ግን እሱም ተሸራርፎ ጠፋ። ተናጋሪው ምን አደረገ? «መሄድ አለኝ» ማለት ጀመረ። ልክ ነው፣ እኛም «መሄድ አለብኝ» እንላለን። በላቲን «ኢሬ ሃቤዎ»። ኢሬ መሄድ፣ ሃቤዎ አለኝ። ሁለቱ ቃላት በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ተጣበቁ፣ «ዢሬ» ሆኑ። ይሄ ለአሌ ብቻ አይደለም፣ ለፈረንሳይኛ ግስ ሁሉ ነው። የወደፊት ጊዜ መጨረሻዎችን «አለኝ» ከሚለው ግስ ጋር ጎን ለጎን አድርጉና እዩ። «ዤ» (አለኝ) — «ዢሬ»። «ቱ አ» — «ቱ ኢራ»። «ኢል አ» — «ኢል ኢራ»። «ኑ ዛቮን» — «ኑ ዚሮን»። «ቩ ዛቬ» — «ቩ ዚሬ»። «ኢል ዞን» — «ኢል ዚሮን»። «አለኝ»ን የሚያውቅ ሰው የወደፊት ጊዜን ያውቃል ማለት ነው፣ ማንም ግን እንዲህ ብሎ አይነግራችሁም። ማጣበቁ ደግሞ የትናንት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ842 ዓ.ም. ስትራስቡርግ ላይ የፍራንኮች ንጉሥ የታላቁ ካርል (ሻርለማኝ) ሁለት የልጅ ልጆች ተማምለው ነበር፤ ያ መሐላ በጽሑፍ ከቀሩልን የፈረንሳይኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው ነው፣ በውስጡም ይህ የተጣበቀ ወደፊት አለ።

ጣልያንን ያየ ሰው እዚህ ጋ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ጣልያንኛውም «ቫዶ፣ ቫይ፣ ቫ» ካለ በኋላ «አንዲያሞ» ይላል፣ አሰላለፉ ከፈረንሳይኛው ጋር አንድ ነው። ወደፊቱን ግን ለኢሬ አልሰጠውም፣ «አንድሮ» ይላል። ስፓኒሽ ደግሞ «ቮይ፣ ቫስ፣ ቫ» ካለ በኋላ እስከ «ቫሞስ» ድረስ በቫዴሬ ይገፋበታል፣ ወደፊቱን ግን እንደ ፈረንሳይኛው ለኢሬ ትቶለታል። አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፣ ውርስ ሲከፋፈሉ ግን እያንዳንዱ የራሱን አነሳ።

አሁን የራሳችሁን ምርመራ መሥራት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ መሣሪያ ነው፣ የሚወድቀው «ድ»። በላቲን በሁለት አናባቢዎች መሀል ያለ «ድ» ፈረንሳይኛ ውስጥ ይጠፋል። «ቪዴሬ» (ማየት) «ቭዋር» ይሆናል። «ክሬዴሬ» (ማመን) «ክሯር» ይሆናል። «ቫዲስ» «ቫስ» ሆነ፣ «ቫዱንት» ደግሞ «ድ»ውን ጥሎ «ቮንት» ሆነ። («ዠ ቬ» ብቻ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ እሱን እንዳለ ዋጡት።) ይሄም ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ሰምዐ» ሰማ፣ «በልዐ» በላ፣ «መጽአ» መጣ፣ «ነዓ» ና። አማርኛ የግዕዝ ቀጥተኛ ልጅ ነው እያልኩ አይደለም፣ ቋንቋ አጥኚዎች ዝምድናውን እንዲያ አያስቀምጡትም። የጉሮሮ ድምፅ ሲወድቅ ቃል እንዴት እንደሚያጥር ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በጽሑፍ ላይ ደግሞ የወደቀው ሁሉ አልወደቀም። «ቱ ቫ» ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ «ስ» አለ፣ «ኢል ቮን» ሲጻፍ የማይነበብ «ት» አለ። የላቲኑ «ቫዲስ» እና «ቫዱንት» አጥንት ነው። ስትጽፉ «አንተ» ላይ «ስ» ልጨምር ወይስ አልጨምር ብላችሁ ከተጨነቃችሁ ላቲኑን አስቡና ጨምሩ። ትእዛዙ «ቫ» ላይ ግን «ስ» የለም። እሱ የሚመለሰው «ቫ ዚ» (በል ሂድ፣ ቀጥል) ሲባል ለአፍ እንዲመች ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላት ማየት ካለባችሁ «ትሬዞር ደ ላ ላንግ ፍራንሴዝ» የሚባለው ትልቁ መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ አለ። ቃሉን ፈልጉና ትርጉሙን ሁሉ ዝለሉት፣ ወደ ታች ወርዳችሁ የቃሉን አመጣጥ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ። ከፊቱ ኮከብ ምልክት ያለበት የላቲን ቃል ካያችሁ፣ በጽሑፍ ያልተገኘ፣ ምሁራን «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው የገነቡት ቃል ነው። ሰው ይሄን ኮከብ ሳያይ «ላቲኑ እንዲህ ነው» ብሎ ይከራከራል። ኮከቡን እዩ። ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ቃላትን ማዛመድም ይቅርባችሁ። ስልክ ሲያነሱ የሚሉት «አሎ» ከአሌ ጋር ምንም አያገናኘውም። የእኛም «አሌ አለ»፣ ካደ ማለታችን፣ በአጋጣሚ ነው የተመሳሰለው፤ እኔም ለርእሴ ስለተመቸኝ ነው የወሰድኩት።

በአፍ ስትለማመዱ ከምታውቁት ጀምሩ። ኳስ የሚያይ ሰው «አሌ ለ ብሎ!» የሚለውን የፈረንሳይ ደጋፊዎች ጩኸት ሰምቷል፣ «ቀጥሉ፣ ሰማያዊዎቹ» ነው። የደርሶ መልስ ጨዋታን የመጀመሪያውን ዙር «ማች አሌ» ይሉታል፣ የባቡር ደርሶ መልስ ትኬትም «አሌ ረቱር» ነው። «ልበላ ነው» ለማለት «ዠ ቬ ማንዤ» በሉ፤ ቃል በቃል «መብላት እሄዳለሁ» ቢመስልም እግር አያስፈልገውም፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁም ይሠራል። እንግዲህ ያኛው «አለኝ» የተጣበቀበት ወደፊት እንዳረጀው ሁሉ ሰዉ በአፍ ወግ ይሄንን አዲሱን ማዘውተር ጀምሯል። ለማመን ያስቸግራል፣ ያው ታሪክ እየተደገመ ነው። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። «እዚያ እሄዳለሁ» «ዢ ቬ» ነው፣ ያቺ «ኢ» «እዚያ» ማለት ናት። በወደፊት ግን «ዢ ኢሬ» አይባልም፣ «ዢሬ» ብቻ ይባላል፣ ሁለት «ኢ» ሲገጥሙ አንዷ ትዋጣለች። ኢሬ አሁንም በማጠሩ ዋጋ ይከፍላል።

ይሄ ከያዛችሁ በኋላ ዘዴውን «ኤትር» ላይ ሞክሩት፣ «መሆን» ማለት ነው። እኛም «ነው»፣ «ነበር»፣ «ይሆናል» ብለን በሦስት ሥር ስለምንናገረው አይከብዳችሁም። «ኤ» (ነው) እና «ሶን» (ናቸው) ከላቲኑ «ኤሴ» ቤት ናቸው። በጽሑፍ ብቻ የሚታየው «ፉ» ከ«ፉኢ» ነው። «ኤቴ» ደግሞ ከ«ስታሬ» ነው፣ መቆም። ስለዚህ «ታምሜ ነበር» ለማለት «ዤ ኤቴ ማላድ» የሚል ሰው አያቱን ብትጠይቁት ታሞ ቆሟል። እዚህ ጋ ደግሞ ወረቀታችሁን መልሳችሁ አውጡ። ፈረንሳዮች በወሬ መሀል «ፓሪስ ሄጄ ነበር» ለማለት «ዠ ስዊ ዛሌ» ማለቱን ትተው «ዤ ኤቴ አ ፓሪ» ይላሉ። ስፓኒሾች ጭራሽ «ሄድኩ»ንም «ነበርኩ»ንም በአንድ «ፉይ» ነው የሚጨርሱት። ሦስት ቦታ ከከፈላችሁት ወረቀት ጠርዝ ላይ ትንሽ ቦታ ተዉና «ስታሬ» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ። በእርሳስ ያልኩት የሰዋስው መጻሕፍቱ ገና ስላልፈረሙለት ነው።